በዲጂታል ሚክሰር ላይ ቻናሎችን በቡድን ማደራጀት

ቻናሎችን በቡድን ማደራጀት በቀጥታ የመድረክ ዝግጅት ላይ ወደ ዲጂታል ሚክሰር የሚገቡትን በርካታ ማይክራፎኖችና የሙዚቃ መሣሪያዎች በጥቂት የጋራ መቆጣጠሪያዎች ሥር የማሰባሰብ ሥራ ነው። ለዚህ የሚያገለግሉ ሦስት ዋና ዋና የቡድን ዓይነቶች አሉ፤ እነሱም ዲ.ሲ.ኤ.፣ ሰብግሩፕ እና የሚውት ቡድን ይባላሉ። ሦስቱም በሚክሰሩ ላይ እንደ አንድ ፌደር ወይም እንደ አንድ ቁልፍ ስለሚታዩ ተመሳሳይ ይመስላሉ። በውስጣቸው የሚካሄደው ነገር ግን የተለያየ ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም በመድረክ ላይ ለሚሰሙ ብዙ ችግሮች መነሻ ነው።

የአሠራሩ መሠረታዊ ሐሳብ በየትኛውም አገር አንድ ነው። እዚህ ላይ የቀረቡት ምሳሌዎች ግን በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ባሉት የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አብቃይ ቦታዎች የሚያጋጥመውን ሁኔታ የተከተሉ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አንድ አዳራሽና አንድ የድምፅ ባለሙያ በአንድ ቀን ብሔራዊ መዝሙር፣ የእንግዶች ንግግር፣ ትርጉም፣ የባህል ቡድንና ዘመናዊ ባንድ ሊያስተናግዱ ይችላሉ። ጣሪያው ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው።

ለምን አስፈለገ

በአናሎግ ሚክሰር ላይ እያንዳንዱ ቻናል የራሱ ፌደር አለው። 32 ቻናል ካለ 32 ፌደር ይኖራል፤ ሚክሰሩም በዚያው ልክ ረጅምና ከባድ ይሆናል። ዲጂታል ሚክሰር መጠኑን ያሳነሰው አንዱ ፌደር በተለያየ ጊዜ የተለያየ ቻናል እንዲያገለግል በማድረግ ነው። ይህ አደራረብ ሌየር ይባላል። ለምሳሌ ቤሪንገር እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቀው ኤክስ32 ሞዴል 32 የማይክራፎን መግቢያ ሲኖረው ፌደሮቹ 25 ብቻ ናቸው፤ 16ቱ በግራ፣ 8ቱ በቀኝ፣ አንዱ ደግሞ የዋናው ድምፅ ነው። በግራ በኩል በአንድ ጊዜ የሚታየው 16 ቻናል ስለሆነ 17ኛውን ለማግኘት ቁልፍ ተጭኖ ሌየር መቀየር ያስፈልጋል።

ቁልፍ መጫን ትንሽ ነገር ይመስላል። መድረክ መሪው የተናጋሪውን ስም ጠርቶ ማይክራፎን ሲያቀብል ግን የመጀመሪያው ቃል እስኪወጣ ያለው ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት የሚፈለገው ፌደር ሌላ ሌየር ውስጥ ከተደበቀ ተናጋሪው ማይክራፎኑን በጣቱ እየመታ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ማለት ይጀምራል፤ ታዳሚውም ወደ ኋላ ዞሮ ባለሙያውን ያየዋል። በቀኝ በኩል ያሉት 8 ፌደሮች ለዲ.ሲ.ኤ. ተመድበው ዝግጅቱ እስኪያልቅ እንዳይቀየሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። ግራው የፈለገውን ያህል ቢገላበጥ ቀኙ ሁልጊዜ ያው ይሆናል።

ዲ.ሲ.ኤ.

ዲ.ሲ.ኤ. በዲጂታል ቁጥጥር የሚሠራ ማጉያ ለሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ምሕጻረ ቃል ነው። ቀዳሚው በአናሎግ ሚክሰሮች ላይ የነበረው ቪ.ሲ.ኤ.፣ ማለትም በቮልቴጅ ቁጥጥር የሚሠራው ማጉያ ነው፤ በዚህ መስክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሠራው ሥራ የሚታወቀው የዲ.ቢ.ኤክስ. ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ዴቪድ ብላክመር ነው። በዲጂታል ሚክሰር ውስጥ ቮልቴጁ ቀርቶ በቁጥር ማባዛት ተተክቷል፤ አጠቃቀሙ ግን አልተለወጠም።

ስለ ዲ.ሲ.ኤ. ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ድምፅ በውስጡ የማያልፍ መሆኑ ነው። የርቀት መቆጣጠሪያ ነው ማለት ይቻላል። የዲ.ሲ.ኤ. ፌደር ሲንቀሳቀስ ለእያንዳንዱ አባል ቻናል ይህን ያህል ቀንስ ወይም ጨምር የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። በዴሲቤል ሲሰላ ተራ መደመር ነው። ክራር −5 ላይ፣ ማሲንቆ −8 ላይ ተቀምጠው ሳለ የሁለቱ ዲ.ሲ.ኤ. ወደ −10 ቢወርድ ክራሩ በ−15፣ ማሲንቆው በ−18 ይሰማል። በመካከላቸው የነበረው የ3 ዴሲቤል ልዩነት እንዳለ ይቆያል፤ በልምምድ ጊዜ የተገኘው ሚዛንም አይፈርስም። አንድ ቻናል የሁለት ዲ.ሲ.ኤ. አባል ከሆነ የሁለቱም ቅናሽ ይደመርበታል።

ዲ.ሲ.ኤ. የሚለውጠው የቻናሉን ፌደር ውጤት ስለሆነ ከፌደር በኋላ የሚወሰዱ መስመሮችም አብረው ይለወጣሉ። የሪቨርብ መስመር ብዙ ጊዜ ከፌደር በኋላ ይወሰዳል፤ ስለዚህ የድምፃውያን ዲ.ሲ.ኤ. ሲወርድ ወደ ሪቨርቡ የሚሄደው ድምፅም አብሮ ይወርዳል። በመድረኩ ላይ ላሉት ሙዚቀኞች የሚላከው የሞኒተር ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፌደር በፊት ይወሰዳል፤ ዲ.ሲ.ኤ. ቢወርድም ሞኒተሩ አይነካም። ይህ ለድምፃዊው ጥሩ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ድምፁ ሲቀነስ እሱ ራሱን መስማት አያቆምም። ለባለሙያው ግን ወጥመድ አለው። ሞኒተሩ መፎጨት ሲጀምር ዲ.ሲ.ኤ.ውን ማውረድ ፉጨቱን አያቆመውም። ብዙ ጀማሪ ፌደሩን እስከ ታች አውርዶ ፉጨቱ ሲቀጥል የሚደናገጠው በዚህ ምክንያት ነው። መቀነስ ያለበት ወደ ሞኒተሩ የሚሄደው መስመር ራሱ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ነገር የወረደ ዲ.ሲ.ኤ. መረሳቱ ነው። የቻናሉ ፌደር ከፍ ብሎ ይታያል፤ የመግቢያው መብራት ድምፅ እየገባ መሆኑን ያሳያል፤ ከስፒከሩ ግን ምንም አይወጣም። እንዲህ ሲሆን ገመድና ባትሪ ከመቀየር በፊት ቻናሉ የየትኛው ዲ.ሲ.ኤ. አባል እንደሆነ ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

ሰብግሩፕ

ሰብግሩፕ ድምፅ በእውነት የሚያልፍበት መስመር ነው። ይህ መስመር በሚክሰር ቋንቋ ባስ ይባላል፤ ከቤዝ ጊታር ጋር አይገናኝም፤ በጩኸት መሀል በቃል ሲነገር ግን ሁለቱ መምታታታቸው አይቀርም። የብዙ ቻናሎች ድምፅ ወደ ሰብግሩፑ ገብቶ ይደባለቃል፤ ከዚያ አንድ ሆኖ ወደ ዋናው ድምፅ ይሄዳል። በቡና አገር ለሚኖር ሰው ልዩነቱ በቀላሉ ይገባል። ሰብግሩፕ የብዙ ገበሬ እሸት ቡና ተሰብስቦ በአንድነት እንደሚፈለፈልበት ጣቢያ ነው፤ ዲ.ሲ.ኤ. ግን ቡናው በየጓሮው እንዳለ ለሁሉም የሚደርስ አንድ መልእክት ነው።

ድምፁ በሰብግሩፕ ውስጥ ስለሚያልፍ በጋራ ሊሠራበት ይችላል። ስድስት የመዘምራን ማይክራፎኖች ላይ አንድ ኮምፕሬሰር ወይም አንድ ኢኳላይዘር ማድረግ የሚቻለው በሰብግሩፕ ነው፤ በዲ.ሲ.ኤ. አይቻልም። በአንጻሩ ሰብግሩፑ ሲወርድ ከእያንዳንዱ ቻናል በቀጥታ ወደ ሪቨርብ የሚሄደው ድምፅ አይወርድም። መዘምራኑ ጠፍተው ሪቨርባቸው ብቻ በአዳራሹ ሲያስተጋባ የሚሰማው እንዲህ ሲደረግ ነው።

አንድ ቻናል ወደ ሰብግሩፕ ተልኮ ወደ ዋናው ድምፅ የሚሄደው ቀጥተኛ መስመርም ሳይዘጋ ከቀረ፣ ያው ድምፅ በሁለት መንገድ ይደርሳል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያድጋል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ የሰብግሩፑ ፌደር ቢወርድም በቀጥታ የሚሄደው ድምፅ መቀጠሉ ነው።

የሚውት ቡድን

የሚውት ቡድን መጠን አይለውጥም፤ ይዘጋል ወይም ይከፍታል። ኤክስ32 ስድስት እንዲህ ያሉ ቡድኖች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የያማሃ ኤም7ሲ.ኤል. ስምንት አለው። ከሦስቱ ዓይነቶች ቀላሉ ይህ ቢሆንም በንግግር በተሞላ ዝግጅት ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚያገለግለው እሱ ነው። ሚውት የተደረገ ቻናል ከፌደር በፊት ወደ ሞኒተር የሚሄደውን ድምፅ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም የሚለው እንደ ሚክሰሩ ዓይነትና እንደ ቅንብሩ ስለሚለያይ ከዝግጅቱ በፊት በአንድ ማይክራፎን መሞከር ይገባል።

የአንድ ዝግጅት አደረጃጀት

አንድ የምረቃ ወይም የሕዝብ በዓል ዝግጅት በሚዛን ተፈሪ አዳራሽ ይካሄዳል እንበል። ድራም ሰባት ማይክራፎን ይወስዳል። ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ሁለት ኪቦርድና ሳክስፎን ባንዱን ያሟላሉ። የባህል ቡድኑ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዞ ይመጣል። አራት ድምፃውያን፣ አንድ የአትሮኖስ ማይክራፎን፣ ለመድረክ መሪውና ለእንግዶች ሁለት ገመድ አልባ ማይክራፎኖች፣ ለአስተርጓሚው አንድ፣ እንዲሁም ሙዚቃና መዝሙር የሚለቀቅበት ላፕቶፕ አሉ። ኪቦርዶቹና ላፕቶፑ ሁለት ሁለት ቻናል ስለሚወስዱ ድምሩ ከ25 ያልፋል።

ጀማሪ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያስበው መሣሪያዎቹን በዓይነታቸው መመደብ ነው፤ የሚመታው ከሚመታው፣ ክሩ ከክሩ፣ ድምፃዊው ከድምፃዊው ጋር። በዚህ ስሌት ከበሮ ከድራም ጋር ይገባል። ይህ በስቱዲዮ ቀረጻ ላይ ያስኬዳል። በመድረክ ላይ ግን ባንዱ ወርዶ የባህል ቡድኑ ሲወጣ የድራሙ ዲ.ሲ.ኤ. ይወርዳል፤ ከበሮውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የተሻለው መመዘኛ የመሣሪያው ዓይነት ሳይሆን ማን ከማን ጋር ወደ መድረክ ይወጣል የሚለው ነው። ከበሮው የባህል ቡድኑ ነው። ድምፃዊው ከባንዱም ከባህል ቡድኑም ጋር የሚዘፍን ከሆነ ለብቻው መቀመጥ አለበት።

በዚህ መሠረት ስምንቱ ዲ.ሲ.ኤ. እንዲህ ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ ድራም አንደኛ፣ ቤዝና ጊታር ሁለተኛ፣ ኪቦርድና ሳክስፎን ሦስተኛ፣ የባህል መሣሪያዎች አራተኛ፣ ዋና ድምፃውያን አምስተኛ፣ ተቀባዮች ስድስተኛ፣ ንግግር ሰባተኛ፣ ላፕቶፕ ስምንተኛ። ንግግርና ላፕቶፕ በቀኝ ዳር፣ ለዋናው ፌደር ቅርብ የሆኑት ሆን ተብሎ ነው፤ በዝግጅቱ ውስጥ በብዛት የሚነኩት እነሱ ናቸውና እጅ ሳይፈልግ ያገኛቸዋል። በኤክስ32 ላይ ምደባው የሚከናወነው የዲ.ሲ.ኤ.ውን የመምረጫ ቁልፍ ይዞ የአባል ቻናሎቹን የመምረጫ ቁልፎች በመጫን ነው። የሪቨርብ መመለሻ ቻናል ድምፁን በሚልኩለት ቻናሎች ዲ.ሲ.ኤ. ውስጥ መግባት የለበትም። ከገባ የዲ.ሲ.ኤ. የ10 ዴሲቤል ቅናሽ አንዴ በምንጩ፣ አንዴ በመመለሻው ተቆጥሮ ሪቨርቡ በ20 ይወርዳል።

ሁሉም አካባቢ የራሱ መሣሪያ ስላለው ይህ ድልድል እንደ ሁኔታው ይለወጣል። በዚያው ክልል የሚገኘው የዳውሮ ሕዝብ ዲንካ የሚባሉ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ረጃጅም የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉት። ዲንካዎቹ በራሳቸው ከፍተኛ ድምፅ ስላላቸውና ተጫዋቾቹ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ስለሚጫወቱ ለእያንዳንዱ ማይክራፎን ከመስጠት ይልቅ ከፊት ለፊት ሁለት ማይክራፎን አቁሞ ለሁለቱ አንድ ዲ.ሲ.ኤ. መስጠት ይሻላል። ሚዛኑን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ጠብቀውታል።

የሚውት ቡድኖቹ ከዲ.ሲ.ኤ. ጋር አንድ ዓይነት መሆን አያስፈልጋቸውም። አንዱ ባንዱን በሙሉ፣ አንዱ የባህል ቡድኑን፣ አንዱ ገመድ አልባ ማይክራፎኖቹን፣ አንዱ ሪቨርቦቹን ይዘጋል። ሪቨርብ ለዘፈን ቢያምርም ግድግዳው ሲሚንቶ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ንግግርን ያደበዝዛል፤ ንግግር ሲጀመር በአንድ ቁልፍ ማጥፋት ያስፈልጋል።

አንድ ተጨማሪ ቡድን ደግሞ ከአትሮኖሱ በስተቀር ሁሉንም የሚዘጋ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ ብዙ ስብሰባዎች በኅሊና ጸሎት ይከፈታሉ። አዳራሹ ሁሉ በቆመበት በዚያች አንድ ደቂቃ ከላፕቶፑ የመልእክት ደወል ቢያቃጭል ወይም ከመድረክ ጀርባ በተከፈተ ገመድ አልባ ማይክራፎን የሁለት ሰዎች ጨዋታ ቢሰማ ነገሩ የቴክኒክ ስህተት ብቻ ሆኖ አይታይም። በሐዘን ላይ ለተሰበሰበ ሰው ንቀት ነው። አትሮኖሱ ከዚህ ቡድን ውጪ የሚሆነው መድረክ መሪው ጸሎቱን የሚዘጋበት አንድ መንገድ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ድንገተኛ ማሳሰቢያ ቢኖርም የሚነገረው በዚያው ነው።

ዝናብ፣ ቆርቆሮና ክፍት ማይክራፎን

ደቡብ ምዕራብ ከኢትዮጵያ እጅግ ዝናባማ ክፍሎች አንዱ ነው፤ የዝናቡ ወቅትም ከሌላው አካባቢ ይረዝማል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ ንግግር ይዋጣል። የብዙ ባለሙያ የመጀመሪያ ምላሽ ዋናውን ፌደር ወደ ላይ መግፋት ነው። ይህ ግን የተከፈተውን ሁሉ፣ የድራሙን፣ የክራሩን፣ የተረሳውንም ማይክራፎን ጭምር ከፍ ያደርጋል፤ ውጤቱም ፉጨት ነው።

ምክንያቱ በቁጥር ይገለጻል። የተከፈቱት ማይክራፎኖች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ፊድባክ ሳይመጣ ሊጨመር የሚችለው ድምፅ በ3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ሁለት ማይክራፎን ከተከፈተ 3፣ አራት ከተከፈተ 6፣ ስምንት ከተከፈተ 9 ዴሲቤል ይጠፋል ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ እየተናገረ ስምንት ማይክራፎን ክፍት ከሆነ ለዝናቡ የሚያስፈልገው አቅም ዝም ባሉት ሰባት ማይክራፎኖች ተበልቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መዝጋት፣ ቀጥሎ መጨመር ነው። የባንዱና የባህል ቡድኑ የሚውት ቁልፎች ይጫናሉ፤ ከዚያ የንግግሩ ዲ.ሲ.ኤ. በ3 ወይም በ4 ዴሲቤል ከፍ ይላል። በተለይ ዋሽንት የሚነፋበት ማይክራፎን ከፍ ተደርጎ የሚከፈት በመሆኑ በመጀመሪያ ሊዘጉ ከሚገባቸው አንዱ ነው።

ሰብግሩፕ ከዲ.ሲ.ኤ. ጋር ተደርቦ ጥቅም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው። የንግግር ማይክራፎኖች ሁሉ በአንድ ሰብግሩፕ ካለፉ ዝናቡ ሲበረታ በዚያ አንድ መስመር ላይ የታችኛውን ድምፅ መቀነስና ተነባቢ ፊደላት ጎልተው የሚሰሙበትን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ክልል በትንሹ ማንሳት ይቻላል። መጠኑ በዲ.ሲ.ኤ.፣ የድምፁ ጠባይ በሰብግሩፕ ይስተካከላል። ዝግጅቱ በቪዲዮ የሚቀረጽ ከሆነ ለቀረጻው የሚሰጠው ድምፅ አብሮ መጨመሩን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ካሜራው አጠገብ ያለው ሰው ሊነገረው ይገባል። ዝናቡ ከዚህም ካለፈ ሚክሰር የሚያደርገው ነገር የለም፤ መድረክ መሪው ፕሮግራሙን ለጥቂት ደቂቃ ቢያቆም ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ

በዲጂታል ሚክሰር ላይ የቡድን ምደባ ከሌሎቹ ቅንብሮች ጋር ሲን በሚባል ፋይል ይቀመጣል። መብራት ድንገት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ሚክሰሩ ይዘጋል፤ ሲመለስም ሥራ ለመጀመር ጊዜ ይወስዳል፤ ያልተቀመጠ ለውጥም ሊጠፋ ይችላል። ለሚክሰሩ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ ይህን በቀላሉ ያስቀራል። ማጉያዎቹን መሸከም አይጠበቅበትም፤ ሚክሰሩ ሳይጠፋ ከቆየ በቂ ነው። ከመድረክ ሙከራው በኋላ ሲኑን በሚክሰሩም በፍላሽም ላይ ማስቀመጥ፣ መብራት ሲመለስ ደግሞ ማጉያዎቹን ከሁሉ በኋላ ማብራት ይገባል።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ቦንጋን፣ ሚዛን ተፈሪ የምትገኝበትን ሚዛን አማንን፣ ተርጫንና ቴፒን መቀመጫዎቹ ስላደረገ ስብሰባዎችና በዓላት በየከተማው ይዘዋወራሉ። ባለሙያውም በየቦታው የተለያየ ሚክሰር ይገጥመዋል። የኤክስ32 ሲን ከሚዳስ ኤም32 ጋር በአብዛኛው ይግባባል፤ ወደ ያማሃ ወይም ወደ አለን ኤንድ ሂዝ ሚክሰር ግን አይሄድም። የቻናሎቹንና የቡድኖቹን ዝርዝር በወረቀት ይዞ መጓዝ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለውም።

ስምና ቀለም

ኤክስ32ን የመሳሰሉ ሚክሰሮች ከእያንዳንዱ ፌደር በላይ ስምና ቀለም የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አላቸው። በብዙዎቹ ላይ የግዕዝ ፊደል መጻፍ ስለማይቻል ስሙ በላቲን ይገባል፤ ወይም ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በአማርኛ ይጻፋል። ፕላስተር በሌየር በሚቀያየሩት የግራ ፌደሮች ላይ ከተለጠፈ ያሳስታል፤ «ከበሮ» የሚለው ጽሑፍ ሥር ከአፍታ በኋላ የላፕቶፑ ድምፅ ሊኖር ይችላል። በማይቀየሩት ስምንት የዲ.ሲ.ኤ. ፌደሮች ሥር ግን ጥሩ ነው፤ ረዳት ሆኖ የመጣ ሰው እንኳ አንብቦ ይረዳዋል።

አነስተኛ ሚክሰሮች

ፌደር የሌላቸውና በታብሌት የሚታዘዙ ትንንሽ ሚክሰሮች ያሏቸው ቡድኖች ጥቂት ናቸው። የቤሪንገር ኤክስ.አር.18 አራት ዲ.ሲ.ኤ.ና አራት የሚውት ቡድን አለው፤ ፌደር ያለው የአለን ኤንድ ሂዝ ኪዩ-16ም እንዲሁ አራት አራት ነው። አራት ብቻ ሲኖር ባንድ፣ የባህል ቡድን፣ ድምፃውያንና ንግግር ብሎ መከፋፈል ለአብዛኛው ዝግጅት ይበቃል፤ ላፕቶፑ በራሱ ቻናል ይቆያል። በታብሌት ላይ ጣት የሚያርፍበት ፌደር በእጅ ስለማይታወቅና ዓይን ከመድረኩ ላይ ስለሚነሳ የንግግሩ ዲ.ሲ.ኤ. ሁልጊዜ በሚታየው ገጽ ላይ መቀመጥ አለበት።